ጉሬዛ ከዛፍ ወደ ዛፍ

ጉሬዛ ባለበት ደን ዳር ያደረ እንግዳ ሊነጋጋ ሲል በድንጋጤ ይነቃል። ከዛፍ አናት የሚወርደው ድምፅ ከዝንጀሮ ጩኸት ጋር አይመሳሰልም፤ ዝቅ ያለ፣ ሻካራ፣ የሚንከባለል ግሣት ነው። አንዱ አውራ ይጀምራል፤ ከሸለቆው ማዶ ያለው ይቀበለዋል፤ ከእርሱም ሌላው እየተቀበለ ግሣቱ ከመንጋ ወደ መንጋ ሲተላለፍ ጫካውን ይዞራል። የአንዱ አውራ ድምፅ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይሰማል። የባለድምፁ ክብደት ግን ከአንድ ደህና በግ ግማሽ ያህል ቢሆን ነው።

ከዚያ ጸጥ ይላል። ፀሐይ ስትወጣ ጉሬዛዎቹ ወደ ዛፉ ጫፍ ወጥተው ፊታቸውን ለጮራው ሰጥተው ይቀመጣሉ፤ የሌሊቱ ብርድ ከአጥንታቸው እስኪወጣ ድረስ የሚያስቸኩላቸው ነገር የለም። ከሩቅ ለሚያያቸው በጥቁር ቀሚስ ላይ ነጭ ነጠላ አጣፍተው ኪዳን የሚያስደርሱ ይመስላሉ።

የጉሬዛ ሰውነት ጥቁር ነው። ፊቱን ነጭ ጠጉር ይከበዋል፤ ከትከሻው ጀምሮ በጎንና ጎኑ ወርዶ ወገቡ ላይ የሚገናኝ ረጅም ነጭ ዘርፍ አለው፤ ጅራቱም ጫፉ ላይ እንደ ጭራ ይጎፈራል። ወንዱ ከ9 እስከ 13 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ሴቷ ከዚያ ትቀላለች። ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲዘል ነጩ ዘርፍ እንደ ካባ ይዘረጋል፤ ይህን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ጉሬዛን ከጦጣ ጋር አያምታታውም።

ይህን እንስሳ የዓለም ሳይንስ የሚጠራው በአማርኛ ስሙ ነው። የፍራንክፈርቱ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ አገራችን መጥቶ፣ ጎንደርን መቀመጫው አድርጎ እንስሳትን ሲሰበስብ ቆየና በ1835 ኮሎበስ ጉሬዛ ብሎ መዘገበው። ጭላዳንና ዋልያንም ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው ይኸው ሰው ነው። ስለ ጉሬዛ ሲጽፍ መኖሪያው ጎጃም፣ በተለይም ዳሞት እንደሆነ ገልጿል። ዛሬ ከናይጄሪያና ከካሜሩን ጀምሮ እስከ ኬንያና ታንዛኒያ ያለው የዚህ ዝርያ አባል ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። የኡጋንዳ ተማሪ በመጽሐፉ ላይ የሚያነበው «ጉሬዛ» የሚለው ቃል ከእኛ አገር ገበሬ አፍ የወጣ ነው። ይህን ማወቅ የሚገባን ለኩራት ብቻ አይደለም፤ ስሙን የሰጠው አገር እንስሳውን ቢያጣ ስሙ ባለቤት አልባ ይሆናልና።

«ኮሎበስ» ደግሞ ግሪክኛ ነው፤ የተቆረጠ፣ ጎደሎ ማለት ነው። ስሙ የመጣው ከእጁ ነው። ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም፤ በቦታው ያለችው ትንሽ ጉብታ ብቻ ናት። ሰው እንደ ጉድለት ቢያየውም ለጉሬዛ ግን ጥቅሙ ነው፤ አራቱ ረጃጅም ጣቶች እንደ መንጠቆ ቅርንጫፉን ይይዛሉ፣ ወዲያው ይለቃሉ፤ በዝላይ መካከል የሚጠላለፍ አውራ ጣት የለም።

የጉሬዛ ትልቁ ምስጢር ግን ያለው በሆዱ ውስጥ ነው። ቅጠል በየዛፉ ሞልቷል፤ ሆኖም የሚበላው ጥቂት ነው፣ ምክንያቱም ምግቡ በጠንካራ ቃጫ ውስጥ የተቆለፈ ነው፤ ብዙው ዛፍም ቅጠሉን ከበላተኛ ለመከላከል መራራና መርዛማ ነገር ያዘጋጅበታል። ሰው ያገኘውን የዛፍ ቅጠል በልቶ ጤና አያድርም። ጉሬዛ ግን እንደ ላም ሁሉ በክፍል በክፍል የተሠራ ሰፊ ጨጓራ አለው። የበላው ቅጠል ከላይኛው ክፍል ገብቶ ይቆያል፤ በዚያ የሚኖሩ ዓይን የማያያቸው ተሐዋስያን እንደ ጠላ ድፍድፍ ያብላሉታል፤ ቃጫውን ይፈታሉ፣ ከመርዙም ብዙውን ያከሽፋሉ። እንደ ላም መልሶ አያመሰኳም እንጂ ሥራው አንድ ነው። በማብላላቱ የሚፈጠረው አየር በግሳት ይወጣል፤ ጠግቦ የተቀመጠ የጉሬዛ ቤተሰብ ሲያገሳ መስማት የተለመደ ነው።

በዚህ ሆድ ምክንያት ጉሬዛ የበሰለ ጣፋጭ ፍሬ ሲያይ እንደ ጦጣ አይሻማም። ስኳር የበዛበት ምግብ ጨጓራው ውስጥ በፍጥነት ይኮመጥጥና ተሐዋስያኑን ይጎዳል። ስለዚህ ለጋ ቅጠል፣ እንቡጥና ያልበሰለ ፍሬ ይመርጣል። ከሁሉም የሚያስደንቀው አኗኗሩን ከዚህ ሆድ ጋር ማስማማቱ ነው፤ ቅጠል የሚሰጠው ጉልበት አነስተኛ ስለሆነ ጉሬዛ ጉልበቱን አያባክንም። ከቀኑ ከግማሽ በላይ የሆነውን ሰዓት ቁጭ ብሎ ወይም ተጋድሞ ያሳልፈዋል። ሰነፍ ነው የሚሉት ሥራውን አላዩለትም፤ እርሱ ሲያርፍ ጨጓራው እየሠራ ነው።

የሚመርጣቸውን ዛፎች የደቡብ ጎንደር ሰው በስም ያውቃቸዋል። ጥቁር እንጨት፣ ሾላና ዋርካ፣ ቀወት በዚህ እንስሳ ምግብ ዝርዝር ውስጥ ደጋግመው የሚገኙ ወይም የቅርብ ዘመዶቻቸው የሚገኙ ናቸው። በኡጋንዳ ኪባሌ ደን በተደረገ ጥናት የአንድ መንጋ የመመገቢያ ጊዜ ግማሽ ያህሉ ያለፈው በአንድ የዛፍ ዓይነት ላይ ነበር፤ እርሱም የእኛ ቀወት ወገን ነው። በዚያው በኪባሌ ጉሬዛዎች ከተተከለ ባሕር ዛፍ ላይ ቅርፊት ልጠው ሲበሉ ታይተዋል፤ ፍለጋቸው በቅጠል ውስጥ የማይገኘው ጨው ነው። ጨው ለማግኘት ወደ ረግረግ ወርደው የውኃ ተክል የሚበሉም አሉ። ይህ ማለት ግን ባሕር ዛፍ ጉሬዛን ይመግባል ማለት አይደለም። ቅርፊቱን እንደ አሞሌ ይልሰው ይሆናል እንጂ ቅጠሉ ቀለቡ አይደለም።

አንድ መንጋ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አውራ ወንድ፣ ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑ ሴቶችና ልጆቻቸው ናቸው፤ ቁጥራቸው ከ15 ብዙም አይዘልም። ሴቶቹ በተወለዱበት መንጋ ይኖራሉ፤ እናት፣ ልጅ፣ አክስት አብረው ያረጃሉ። ወንዱ ግን ሲጎረምስ ከቤት ይወጣል፤ የራሱን ቤተሰብ ለማግኘት ሌላ ደን መፈለግ አለበት። ይህችን ነጥብ አንባቢ ይያዛት፤ በኋላ ትመለሳለች።

ግልገሉ ሲወለድ ከእናቱ ጋር አይመሳሰልም። ሁለመናው ነጭ፣ ፊቱ ሮዝ ነው፤ እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ጥቁሩ ቀስ በቀስ ይመጣል። በነጭነቱ ወራት የመንጋው ሴቶች ሁሉ ይሻሙታል፤ አንዷ ከእናቱ ተቀብላ ታቅፈዋለች፣ ሌላዋ ከእርሷ ትቀበላለች። እናቲቱም በዚህ መካከል በልታና አርፋ ታገግማለች። በአገራችን አራስ ቤት የጎረቤት ሴቶች የሚያደርጉትን ያየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ይሁን እንጂ ጉሬዛ በመውለድ አይቸኩልም፤ እርግዝናው ከአምስት ወር በላይ ይወስዳል፣ በሁለት ወሊድ መካከልም ወደ 20 ወር ያልፋል። በመሆኑም አንድ መንጋ በአንድ ክፉ ዓመት ሦስት እናቶች ቢያጣ ያንን ለመተካት ብዙ ዓመት ያስፈልገዋል።

ጠላቶቹ ነብርና ንስር ነበሩ። ቆዳው ሲፈለግ ግን ሰው ከሁለቱም በለጠ።

በድሮ ጊዜ የአገራችን ጦረኞች ነጩን ረጅም ጠጉር ለጋሻ ማስጌጫ ይፈልጉት ነበር። ያ ፍላጎት በአገር ልክ ነበርና ደኑ ቻለው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግን የአውሮፓ ሴቶች የጥቁርና ነጭ ኮሎበሶችን ቆዳ ለካባና ለእጅ ማሞቂያ ሲፈልጉ ነገሩ ከልክ አለፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1892 ብቻ ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ ገበያ የተላከው 175,000 ቆዳ እንደሚደርስ ተመዝግቧል። ፋሽኑ ሲያልፍ የቱሪስት ገበያ ተተካ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባና በናይሮቢ ሱቆች ብዙ ቆዳ አንድ ላይ የተሰፋበት የጉሬዛ ምንጣፍ ይሸጥ ነበር። አንድ ምንጣፍ ማለት ከአንድ መንጋ በላይ ማለት ነው። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ጉሬዛንና ጭላዳን ያጠኑት ሮቢን ደንባርና ባለቤታቸው ፓትሲ ደንባር እ.ኤ.አ. በ1975 «ዋሊያ» በተባለው መጽሔት ላይ ጉሬዛ ከኢትዮጵያ ይጠፋ ይሆን ብለው እስከ መጠየቅ ደረሱ።

አልጠፋም። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1989 የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረውን ሳይቲስ የተባለውን ስምምነት ተቀበለች፤ ጉሬዛ በዚያ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስላለ ቆዳው ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። በአገር ውስጥም የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ዛሬ በሐዋሳ አሞራ ገደል፣ በወንዶ ገነት፣ በመናገሻ ሱባ፣ በወፍ ዋሻ፣ በከፋና በባሌ ደኖች ጉሬዛን ማየት ይቻላል። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብም እንደ ዝርያ ለመጥፋት ከተቃረቡት ጎን አልተጻፈም። ይህ ግን ለደቡብ ጎንደር አንባቢ መጽናኛ ሊሆን አይገባም፤ እንስሳ በከፋ ተትረፍርፎ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ሊያልቅ ይችላልና። ዛሬ የሚገፋው ጠመንጃ ሳይሆን የዛፍ ማነስ ነው።

ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ደብረ ታቦርን አልፎ፣ የጉናን ተራራ በስተደቡብ ትቶ ወደ ንፋስ መውጫ የሚጓዝ ሰው ይህን ከመኪናው መስኮት ያየዋል። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ለዘመናት የታረሰ አገር ነው። ገብሱ፣ ጤፉ፣ ድንቹ ከገደል አፋፍ እስከ ገደል አፋፍ ተዘርግቷል። ለጭላዳ ይህ ያን ያህል አይከፋም፤ ቀለቡ ሣር፣ መኝታው ገደል ነውና በጉና ዙሪያ እስካሁን ይታያል። ለጉሬዛ ግን ገደል መኝታ፣ ሣርም ቀለብ አይሆኑትም። እርሱ የሚፈልገው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ከእርሻው መሀል ብድግ ያለውን ነገር ነው፤ በዚያ ደን መሀል ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት አለ።

የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ዛሬ በዓለም የታወቁ ናቸው። ለዚህም ትልቁን ሥራ የሠሩት ኢትዮጵያዊው የደን ተመራማሪ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ያተኮረው በእነዚሁ ደኖች ላይ ነበር። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት አጸድ ውስጥ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነት ቆጥረዋል። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ጥቁር እንጨት ከውጭ ሲጠፉ እዚያ ተርፈዋል። ያተረፋቸው የደን ጠባቂ ደመወዝ አይደለም፤ አጸዱ የተቀደሰ ነው ብሎ ምሳሩን ያስቀመጠው ምእመን፣ ቄሰ ገበዙና በዛፉ ሥር ጎጆ ቀልሶ የሚማረው የአብነት ተማሪ ናቸው። በድጓ ትምህርት የታወቀችው ቤተ ልሔም ያለችባት ጋይንት ይህን ማንም እንዲያስረዳት አያሻትም።

ችግሩ ስፋታቸው ነው። የአንድ አጸድ አማካይ ስፋት 5 ሄክታር ገደማ ነው። ጉሬዛ ከዘመዶቹ መካከል ጠባብ ቦታ ከሚበቃቸው አንዱ ነው፤ ደኑ ምግብ የበዛበት ከሆነ አንድ ቤተሰብ በጥቂት ሄክታር ሊኖር ይችላል፤ ቀጭን ከሆነ ግን በብዙ አሥር ሄክታር ላይ ይዞራል። በ5 ሄክታር አጸድ እንግዲህ ሁሉ ቢሳካ የሚኖረው አንድ ቤተሰብ ነው። አሁን ያቺ ነጥብ ትመለሳለች፦ ጎረምሳው ወንድ ወዴት ይሄዳል? ሴቶቹስ ከማን ይወልዳሉ? ከአጸድ እስከ አጸድ ያለው እርሻ ለዛፍ ኗሪ እንደ ባሕር ነው። ጉሬዛ መሬት ወርዶ መሻገር ይችላል፤ ነገር ግን ሜዳ ላይ ዝግ ይላል፣ ውሻ ይደርስበታል፣ እረኛ ያባርረዋል። ሳይሻገር ከቀረ ደግሞ ዘመድ ከዘመድ ይወልድና መንጋው ከውስጥ ይደክማል።

ይህ ባሕር ድሮ እንዲህ ሰፊ አልነበረም። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1938 ከአውሮፕላን ያነሷቸው ፎቶግራፎች ከዛሬ ምስሎች ጋር ተነጻጽረው ነበር። ውጤቱ ሁለት ፊት አለው። አጸዶቹ ራሳቸው ብዙም አልጠበቡም፤ ይህ የምእመኑ ጥበቃ ምስክር ነው። በአጸዶቹ መካከል የነበረው ቁጥቋጦና እዚህም እዚያም የተበተነው ዛፍ ግን ጠፍቷል፤ ደኑ ሰፋ በተባለበት ቦታም ብዙ ጊዜ የጨመረው ባሕር ዛፍ ነው። ሰዎች ደኑን ጠብቀዋል፤ መንገዱ ግን ተቆርጧል። ስለ ጉሬዛ ጥበቃ የሚጨነቅ ሰው በእነዚህ ወረዳዎች ሊያነሳው የሚገባ አንድ ነገር ቢኖር ይህ የተቆረጠ መንገድ ነው።

ከስማዳ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከበሽሎ ማዶ ያለው ምሳሌ ደግሞ ተስፋ ይሰጣል። በደቡብ ወሎ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ በአካባቢው ሰው አጠራር ደንቆሮ ጫካ፣ ጉሬዛን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን በአንድ ተራራ ላይ ይዟል፤ ጉሬዛዎቹን የአገራችን የእንስሳት ተመራማሪዎች አጥንተዋቸዋል፤ ምን እንደሚበሉና መንጋቸው እንዴት እንደተዋቀረ ተጽፏል። ፓርኩ ሲጀመር ስፋቱ 4,375 ሄክታር ገደማ ነበር። ከብዙ የአፍሪካ ፓርኮች ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ለጉሬዛ ግን ከ800 በላይ አጸድ ጋር የሚተካከል ያልተቆረጠ ስፍራ ነው። የደጋው አየር፣ የሸለቆው ጥልቀት፣ የገበሬው ኑሮ ከስማዳ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ በዚያ የተቻለው በዚህ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

መጀመሪያው ሥራ አሁን ያሉትን አጸዶች ከከብት ማዳን ነው። የዶክተር ዓለማየሁ ጥናት ያሳየው ትልቁ ጉዳት ምሳር ሳይሆን ኮቴ ነው፤ ከብት ሲገባ ችግኙን ይበላል፣ ይረግጣል፤ ሽማግሌ ዛፎች ቆመው ተተኪ ያጣሉ። የብዙዎቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ አይጠብቅም፤ ስለዚህ እናት ዛፏ ከወደቀች ዘሩ አብሮ ይሄዳል። እርሳቸውና አሜሪካዊቷ የዛፍ አናት ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱ ጋር ተማክረው መፍትሔ ያሉት የድንጋይ ካብ ነው፤ ዣራና ደብረ ሰና ይህ ከተሠራባቸው አጸዶች መካከል ናቸው። ድንጋዩ ከእርሻ ተለቅሞ ስለሚመጣ ገበሬው ማሳው ይጠራለታል፣ አጸዱም ይታጠርለታል። ካቡ ከዛፎቹ ጥግ ትንሽ ራቅ ብሎ ሲሠራ ደኑ የሚሰፋበት ቦታ ያገኛል። ከዚህ የቀለለና ለአገሩ የሚስማማ ሥራ ማሰብ ይከብዳል።

ሁለተኛው ሥራ ገና አልተጀመረም ለማለት ይቻላል፤ ይኸውም አጸድን ከአጸድ ማገናኘት ነው። ሙሉ ማሳ ለደን መስጠት ከገበሬው መጠበቅ አይገባም፤ ጋይንትና ስማዳ ዝናብ ሲያጥር የሚራቡ ወረዳዎች ናቸው፣ መሬታቸውም ጠባብ ነው። ነገር ግን ወንዝ ዳር፣ ፈፋ ዳርና ጎርፍ የቦረቦረው ዳገት ለእህል ብዙም አይረባም፤ ዛፍ ሲይዘው ግን አፈሩ ይቆማል፣ ምንጩም በበጋ ይቆያል። ከአንዱ አጸድ ወደ ሌላው የሚወርደውን ፈፋ ተከትሎ ሾላ፣ ዋንዛ፣ ጥቁር እንጨትና ቀወት ቢተከል፣ ዛፎቹ ሲነካኩ ጉሬዛ የሚሻገርበት ድልድይ ይሆናሉ። ጉሬዛ እህል ላይ እንደ ዝንጀሮና እንደ ጦጣ የማይበረታ ስለሆነ በብዙ ቦታ ገበሬውን ያን ያህል አያጣላም፤ ይህም ነገሩን ያቀልለዋል።

ክረምት ሲቃረብ በየሰበካ ጉባኤውና በየቀበሌው የችግኝ ተከላ ዕቅድ ይወጣል። ዘንድሮ ዕቅዱ ሲነበብ የሚሰሙ የእስቴ፣ የጋይንትና የስማዳ ካህናት፣ የእርሻ ባለሙያዎችና መምህራን ሁለት ጥያቄ ያቅርቡ፦ ከችግኞቹ ውስጥ ስንቱ አገር በቀል ነው? ከሁለቱ አጸዶች መካከል ባለው ፈፋ ላይ ስንቱ ይተከላል? ጉድጓዱ በደቦ ይቆፈር፣ ችግኙ ከአጸዱ እናት ዛፍ ዘር ይፈላ፣ እስኪጠና ድረስም ከከብት ይከለል።